የስልኩ ዕቁብ

የሚሠራ ስልክ ያለው ሰው ሌላ ስልክ ለምን ይገዛል? ኳላ ላምፑር ሁለት ዓመት ተኩል የተማርኩት በአጭሩ ይህን ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌም ስለዚሁ ነው፤ መቶ አሥራ ስድስት ገጽ። ጽሑፉ አለፈ። መልሱን ግን አላውቀውም፤ ቡታጅራ ከተመለስኩ ወዲህ ደግሞ ጥያቄው ራሱ በደንብ ገብቶኝ እንደሆነ መጠራጠር ጀምሬአለሁ።

ወልቂጤ አንድ መሥሪያ ቤት ለሥራ አመልክቼ ጥሪ እየጠበቅሁ ነበር። እስኪጠሩኝ ድረስ አክስቴ ከድጄ ቤት ተቀመጥኩ። ከድጄ የአባቴ እህት ናት፤ በርበሬ ትነግዳለች። ከእንሴኖና ከማረቆ ገበሬዎች ዛላውን ትገዛለች፣ ታሰጣዋለች፣ ትለቅመዋለች፣ በጆንያ ሞልታ ትሸጠዋለች። የመጣሁ ሰሞን ዕቁብ እንደገባች ነገረችኝ።

"የምን ዕቁብ?"

"የስልክ።"

አሥራ ሁለት ሰው ነው። ሁሉም በየወሩ ያዋጣል። በተዋጣው ገንዘብ ራምዚ የሚባለው የስልክ ሱቅ ባለቤት ገበያ ላይ ካለው አዲሱን ስልክ ያመጣል፤ ዕጣ የወጣለት ይወስዳል። ዳኛው ሀጂ ሸረፋ ናቸው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ዕቁብ ዳኝተዋል። ጸሐፊ ስላልነበራቸው "ውጭ አገር የተማረ ሰው እያለ" ብለው እኔን አስቀመጡኝ። ሥራዬ እጄን ጣሳ ውስጥ ከትቶ ስም ማውጣት ነበር። ለዚህ ብቁ ነበርኩ።

በሐምሌ ዕጣው ለመምህር አስረስ ወጣ። አስረስ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ተጨበጨበለት። ስልኩ ሰማያዊ ነው፤ ጀርባው ላይ ሁለት ካሜራ አለው። አስረስ ለሦስት ሳምንት ያህል ሰዓት የሚጠይቀው ሲያጣ፣ ራሱ ስልኩን እያወጣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይነግረን ነበር።

በነሐሴ ራምዚ በዚያው ዋጋ ቀጠን ያለ፣ ባለሦስት ካሜራ ስልክ ይዞ መጣ። አስረስ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ስልኩን ቀስ ብሎ በጀርባው አስተኛው።

"መምህር፣ ሦስተኛው ካሜራ ምን ያደርጋል?" አልኩት።

"ምንም።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ እኔ የለኝም።"

ችግሩ በመስከረም ለይቶለት ወጣ። በሌላ ዕቁብ ሰው ቀድሞ እንዲደርሰው ይለምናል፤ ልጅ ታመመብኝ፣ ጣሪያ አፈሰሰብኝ ይላል። በዚህኛው ግን ቀድሞ የደረሰው አሮጌውን ይወስዳል፤ ለመጨረሻው ሰው አዲሱ ይቆየዋል። ዕጣው ለዳቦ ጋጋሪው ለአብዶ ሲወጣ አብዶ "ይለፈኝ" አለ። ለምን ሲባል፣ ልጆቹ ደህና እንደሆኑና ጣሪያውም እንደማያፈስ ተናገረ።

"ወላሂ፣" አሉ ሀጂ ሸረፋ፣ "ዕጣ ወጥቶለት እንዲህ የሚያዝን ሰው አይቼ አላውቅም።"

ደንብ አወጡ። ያለፈ ሰው በሚቀጥለው ወር ዕጣ ከመውጣቱ በፊት "ትወስዳለህ?" ተብሎ ይጠየቃል። ሦስት ጊዜ ካለፈ ግን ወደ መጨረሻ ይሄዳል። ይህ ቅጣት እንዲሆን ታስቦ ነበር። አብዶ ሦስተኛውን ሳይጠብቅ ወደ መጨረሻ ላኩኝ ብሎ አመሰገነ።

ከድጄ እስከዚያ ድረስ ስለ ስልክ ብዙም ግድ አልነበራትም። ነገሩ የተለወጠው በጥቅምት መጀመሪያ ነው። አዲስ አበባ የባልትና ድርጅት ያላት ዓለምዘውድ የምትባል ሴት ስሟን ከሰው ሰምታ ደወለችላት። አሥራ አራት ኩንታል በአንዴ ትፈልጋለች። የበርበሬውን ፎቶ ላኪልኝ፣ ቀለሙ ደስ ካለኝ አይሱዙ እልካለሁ አለቻት። ከድጄ ያላትን በሙሉ በርበሬ ላይ አውላ ነበር። ጆንያዎቹ ከሳሎኑ አልፈው እኔ የምተኛበት ክፍል ደርሰዋል። ያለ ደላላ፣ በአንድ ቀን፣ ሁሉም ይሄዳል ማለት ነው። በርበሬ ተከማችቶ ሲከርም ደግሞ ቀለሙ ይሄዳል፤ ይህን ያስተማረችኝ ራሷ ናት።

የከድጄ ስልክ ካሜራ ስለሌለው በእኔ ስልክ አነሳሁት። ስልኬ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ይደውላል፣ ያነሳል። ላክሁት። መልሱ ወዲያው መጣ፤ አነበብኩላት።

"ይሄ የዘንድሮ ነው?"

"የዘንድሮ ነው አለችኝ? እኔን?" ከድጄ ስልኬን ተቀብላ አየችው። ፎቶው ላይ በርበሬው የተቆላ ቡና መስሏል። "አዋረድከኝ እኮ፣ ዑመይር።"

"አክስቴ፣ ስልኩ ይሠራል።"

"ሥራማ አህያም ትሠራለች። ፎቶ አንሺ ብዬ ግን አልላካትም።"

ዓለምዘውድ ደግ ሰው ናት። የተሻለ ፎቶ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ እንደምትጠብቅ ጻፈች። የአስረስን እንዋስ አልኩ። ከድጄ እምቢ አለች። "ዛሬ በአንተ፣ ነገ በመምህሩ ስልክ ፎቶ ስልክላት ደላላ ናት ትለኛለች። በራሴ ስልክ፣ በራሴ ስም ነው የምልክላት።"

በጥቅምት አጋማሽ እጄን ጣሳው ውስጥ ከተትኩ፤ የከድጄ ስም ወጣ። "አልሐምዱሊላህ" አለች። ከአስረስ ቀጥሎ በዚያ ዕቁብ ዕጣ ወጥቶለት ደስ ያለው ሁለተኛው ሰው መሆኗ ነው። ራምዚ ካርቶኑን ሊሰጣት እጁን ዘርግቶ መለስ አደረገው።

"እትዬ ከድጄ፣ ለበርበሬ ከሆነ ይሄ አይሆንሽም። የኅዳሩ ቀይ ላይ ጎበዝ ነው ይላሉ።"

"ቀይ ላይ?"

"ቀይ ላይ።"

አለፈችው። ከዚያ በኋላ የሚወስድ ሰው እስኪገኝ አምስት ስም አወጣሁ።

በኅዳር ስልኩ መጣ። ራምዚ ሀጂ ሸረፋን አስነስቶ የተቀመጡበትን ቀይ ትራስ ፎቶ አነሳው። ትራሱ ከነእድፉ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ከድጄ ስልኩን እጇ ላይ ይዛ አገላበጠችው። ያኔ ወስዳው ብትሄድ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

"ራምዚ፣ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ አለ?"

ራምዚ የማይዋሽ ነጋዴ ነው። ሱቁ ትንሽ የሆነውም ለዚያ ይመስለኛል።

"ሁልጊዜ አለ፣ እትዬ።"

ስልኩን መለሰችለት።

"አክስቴ፣ ሴትየዋ እየጠበቀች ነው እኮ!" አልኳት በጆሮዋ።

"አንድ ወር ነው።"

"በርበሬውስ?"

"ጆንያ ውስጥ ነው፤ እግር አለው እንዴ?"

ብዙ ልላት ነበር፤ መቶ አሥራ ስድስት ገጽ። ግን በዚያው ሳምንት ወልቂጤ ለፈተና ተጠርቼ ነበር። ፈታኞቹ ፊት ከመግባቴ በፊት ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ ቦርሳዬ ታች፣ ከካልሲ ሥር ከትቼዋለሁ። ደብቀው ያለኝ አልነበረም። ሥራውንም አላገኘሁም፤ በስልኩ ምክንያት ነው ለማለት ግን ማስረጃ የለኝም።

በታኅሣሥ አሥራ ሁለት ከድጄ ስልኳን ወሰደች። ካሜራው አራት ነው። ያን ቀን ከሰዓት ግቢው ውስጥ ነጭ ሸራ አነጠፍን፤ አንዱን ጆንያ ፈትተን ዘረገፍነው። በርበሬው ደህና ነበር፤ ጠረኑ ያስነጥሳል። ቀለሙ ግን እንደ ጥቅምቱ አልነበረም። ጫፍ ጫፉ ጠቆር ብሏል። ከድጄ አየችው፤ አላየሁም ለማለት ቶሎ ስልኩን ከፈተች።

ስልኩ የሚያነሳውን ነገር ራሱ ያሳምራል። ጠየቁትም አልጠየቁትም ያሳምራል። ፎቶው ላይ የወጣው በርበሬ የሠርግ ምንጣፍ ይመስል ነበር። ያንን ያህል ቀይ የሆነ በርበሬ ማረቆም አልበቀለም፤ ማሌዥያም አልበቀለም። ከድጄ ፎቶውን አየች፣ ሸራውን አየች፣ እንደገና ፎቶውን አየች።

"ስልኩ ነው ልክ" አለች።

"አክስቴ፣ ትንሽ በዛ።"

"አንተ በጥቅምት ሲያንስ ዝም ብለህ ልከህ የለም እንዴ? ዛሬ ሲበዛ ምን ሆንክ?"

 ላከችው፤ በራሷ ስልክ፣ በራሷ ስም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ዓለምዘውድ ጻፈች።

"ምን ጨምራችሁበት ነው?"

ከድጄ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ።  በርበሬ ውስጥ ቀለም የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፤ ከእነሱ ጋር ሰላምታ እንኳ የላትም። "ምንም፣ ወላሂ ምንም ብለህ ጻፍላት" አለችኝ። ጻፍኩ። ከዚያ ለማስረጃ ሌላ ፎቶ አነሳች፣ በቅርብ። የባሰ ቀላ። በጥላ ሞከረች፤ በደረቅ ሣር ላይ ሞከረች፤ ሣሩም ለምለም ሆኖ ወጣ። ስድስት ፎቶ ሆነ፤ ሁሉንም ላከቻቸው። ደወልን፤ አታነሳም። ማታም ደወልን።

ከድጄ ሸራውን አጣጥፋ፣ ጆንያውን ሰፍታ ገባች። ስልኩን ካርቶኑ ውስጥ መለሰችው፤ ፕላስቲኩን ሳይቀር እንደነበረ አለበሰችው። ምናልባት ራምዚ ይመልስልኛል ብላ ይሆናል፤ አልጠየቅኳትም። ከጆንያዎቹ መሐል ተቀምጬ ያልሞከርነውን ነገር አሰብኩ። ያኔ ነው የመጣልኝ። መንገደኛው ሁሉ የሚያስበው ነገር ነው፤ የግብይት ማስተርስ ያለኝ ሰው ግን ሁለት ወር ፈጀብኝ። በአሮጌው ስልኬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት።

"እኅት ዓለምዘውድ፣ እኔ የከድጄ የወንድም ልጅ ነኝ፤ የመጀመሪያውን ፎቶ የላክሁት። የዛሬው ፎቶ ከበርበሬው ይበልጣል፤ የእኔው ደግሞ ከበርበሬው ያንስ ነበር። በርበሬው መሐል ላይ ነው። ምንም አልተጨመረበትም። ከፈቀዱ ነገ በመጀመሪያው መኪና አንድ ኪሎ ይዤ እመጣለሁ፤ በዓይንዎ ያዩታል። የት ልምጣ?"

መልእክቱ ሄደ፤ ተነበበም። ዛሬ ጥር አሥራ ስምንት ነው፤ እስካሁን አልመለሰችልኝም።