ቨልቭል ዝም ያለባቸው ቀናት

ቨልቭል ዛሬም መጣ። ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጠመዝማዛውን የብረት ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ ቀድሞት ቤት ይገባል። ከበሩ አጠገብ ያለችውን ወንበር ያዘ፣ ባርኔጣውን ግንባሩ ላይ ደፋ አደረገና ዝም አለ። ብሬይነም ዝም አለች።

እሱ ከመግባቱ በፊት ግን ስታወራ ነበር። ለጎረቤቶቿ የአባቷን የመጨረሻ ሳምንት፣ የሆስፒታሉን ሾርባ፣ አባቷ ከነርሷ ጋር የገጠመውን ክርክር እየነገረች እንዲያውም አስቃቸው ነበር። ልቅሶ ቤት የመጣ ሰው ሐዘንተኛው አፉን እስኪከፍት ቃል አይተነፍስም፤ በእኛ በአይሁዶች ሰፈር ይህን የማያውቅ የለም። ደንቡ የወጣው ለሐዘንተኛ ታዝኖ ነው። ብሬይነ ግን ዱላ አደረገችው። ሽማግሌው ጉዳይ ይዞ እንደሚመላለስ ታውቃለች፤ እሷ ካልተናገረች እሱ አይናገርም። ዛሬ ዓርብ ነው፣ እሑድ ደርሷል። እዚያው ወንበሩ ላይ ይድረቅ፣ አለች በልቧ።

ጉዳዩ የተደበቀ አልነበረም። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ባለው መናፈሻ፣ በአያቶቻችን ቋንቋ በይዲሽ የሚዘፈንበት የሙዚቃና ጭፈራ በዓል አለ። በዓሉን ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት የጀመሩት ሁለት ጓደኛሞች ናቸው፤ አንዱ ክላርኔት ነፊው ቨልቭል፣ ሌላው ረቡዕ የተቀበረው የብሬይነ አባት፣ ቫዮሊን ተጫዋቹ ጌትስል። ኮሚቴው የዘንድሮውን በዓል በጌትስል ስም ሊከፍትና እሱ ያወጣውን የሠርግ ዜማ ሊያስጫውት ፈልጓል። ብሬይነ ግን ገና ከመቃብሩ ሳትርቅ መልሷን ሰጥታለች። «የአባቴን ስም እዚያ መድረክ ላይ የሚያነሳ ሰው ዓይኑን እንዳላየው!» አለች። ልጅቷ እምቢ ስላለች ኮሚቴው ስሙን ከዝርዝሩ አወጣው።

«እግርሽን አሳርፊ» አለቻት አክስቷ ሚርል፣ የተቀቀለ እንቁላል በሳህን ይዛ ስታልፍ። «ታች ያሉት ሰዎች ጣሪያው ሊወድቅ ነው ይላሉ።»

እንደ ደንቡ ለሐዘን ሰባት ቀን ያለ ጫማ በርጩማ ላይ መቀመጥ ለብሬይነ ከሐዘኑ የማይተናነስ ስቃይ ነው። በካልሲ የሆኑት እግሮቿ ወለሉን ይደበድባሉ። ጉልበቷን በእጇ ስትጫነው ተረከዟ ይነሳል። ለሐዘኑ በልብስ የተሸፈነውን መስታወት ታያለች፣ በሩን ታያለች፣ ሽማግሌውን እንዳታይ ደግሞ አንገቷን ታዞራለች። ቨልቭል አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠና የሚባለውን የማጽናኛ ቃል ብቻ ብሎ ወጣ። ለስንብት ይህን ማለት አይከለከልም።

እኛ ሰፈር ጭፈራ የሚመራ ሰው ማለት ትንሽ ነገር አይደለም። ብሬይነ በሠላሳ ዓመቷ መሐረብ ይዛ ከፊት ስትወጣ ሦስት መቶ ሰው ተያይዞ ይከተላት ነበር። ወገባቸውን የሚያማቸው አሮጊቶች ሳይቀሩ ይነሡላት ነበር። አባቷ ከመድረኩ ላይ እግሯን እያየ ዜማውን ያፈጥናል፣ እሷም እልህ ይዟት ትከተለዋለች። ማን ማንን እንደሚመራ አይታወቅም።

ከዚያ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ያ የበዓሉ ስብሰባ መጣ። ቨልቭል መድረኩ ላይ ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ይተከል አለ። ጌትስል ብድግ ብሎ «ወይ ይሄ ማሽን ወይ እኔ!» አለ። ቨልቭልም አርባ ሰው ፊት «አንተ የሙዚየም አይጥ!» ብሎ ሰደበው። ጌትስል ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። ብሬይነም ወንበሯን ገፍታ ተከተለችው። ጌትስል የዚያን ዕለት ቫዮሊኑን ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለው፣ እሷም ጭፈራ ተወች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በዓሉ በመጣ ቁጥር፣ አባትና ልጅ ካርታ ሲጫወቱ ውለዋል። ከጠረጴዛው ሥር እግሮቿ ሲረግጡ እሱ ካርታው ላይ ያፈጥጣል።

ቅዳሜ ሰንበት ስለሆነ ሰው አልመጣም። ብሬይነ ከኩሽና እስከ በር፣ ከበር እስከ ኩሽና ስትመላለስ ዋለች።

እሑድ ቀትር ላይ ቨልቭል የክላርኔቱን ሣጥን ይዞ ገባ። በዓሉ ሊጀመር ሦስት ሰዓት ቀርቶታል። ቤት ውስጥ ከሚርል በቀር ሰው አልነበረም። ሣጥኑን እግሩ አጠገብ አኖረና እንደ ልማዱ ዝም አለ። ብሬይነ ሣጥኑን ስታይ መታገስ አልቻለችም።

«ይዘውት መጡ ደግሞ! አያፍሩም?»

ሽማግሌው ቀና አለ። የጠበቀው የሐዘንተኛዋ ቃል ተገኝቶለታል።

«ልጄ፣ ዜማውን ፍቀጂልን። ሌላ አልጠይቅሽም።»

«አባቴን ከገዛ በዓሉ አባረው፣ አሁን በዜማው ሊያጌጡ? በዚያ ማሽን ገደሉት እኮ! ከዚያ ቀን በኋላ ቫዮሊን ነክቶ አያውቅም።»

ቨልቭል የባርኔጣውን ጠርዝ ነካ ነካ አደረገ።

«ንገራት» አለች ሚርል።

«ተይ፣ ሚርል።»

«ሰውዬው ሞተ እኮ! ምስጢሩን ለማን ነው የምታስቀምጥለት? አንተ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ። ሐኪም ዘንድ የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

«ምንድን ነው የምትነግሩኝ?» አለች ብሬይነ።

ቨልቭል ወለሉን እያየ ጀመረ። «ቀኝ እጁ ነው። ከስብሰባው በፊት በነበረው ክረምት፣ አንድ ሠርግ ላይ የቫዮሊኑ መምቻ ቀስት ከአውታሩ ላይ ዘለለ። እኔ ብቻ ሰማሁ። ሁለተኛ ጊዜ ሲዘል ከበሮ መቺውም ሰማ። ሐኪሙ መንቀጥቀጡ እየባሰ ነው የሚሄደው አለው። ጌትስል ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ሰው ከሚያዝንለት ቢሞት ይመርጣል። ‹ተጣልቼ ነው የምወጣው› አለኝ። ‹ከማን ጋር?› አልኩት። ‹ከአንተ ጋር ነዋ፣ ከሌላ ሰው ጋር ብጣላ ማን ያምነኛል?› አለ።»

«ድምፅ ማጉያውስ?»

«እሱ ያመጣው ሐሳብ ነው። ስድቡንም እሱ ነው የመረጠው። እኔ ‹ግትር› ልለው ነበር፤ ‹ለግትር ማን ይቆጣል? የሙዚየም አይጥ በለኝ› አለኝ።»

ሚርል አፏን በእጇ ያዘች። ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ ለራሷም አልታወቃትም።

«ሐሙስ ሐሙስ ይደውልልኝ ነበር፣ አንቺ መነጽር ቤት ሥራ ላይ ስትሆኚ» አለ ቨልቭል። «አሥራ አንድ ዓመት፣ አንድም ሐሙስ አላለፈውም።»

ብሬይነ ከበርጩማው ተነሣች። ወደ ኩሽናው ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ሄደች። ኪሱ ውስጥ የሚውለው የአባቷ እጅ ታወሳት። ካርታ ሲጫወቱ ሁልጊዜ «አንቺ አድይ» ይል ነበር። የሰው ዓይን ስትመረምር ስትውል የአባቷን እጅ አላየችም።

«እኔስ?» አለች ቆማ። «እሱ ክብሩን ጠበቀ። እኔስ? በእልህ አይደል እንዴ የተውኩት? ለእሱ ብዬ! አርባ አንድ ዓመቴ ነው!»

«አንቺም ትተዪያለሽ ብሎ አላሰበም። ተከትለሽው ስትወጪ ደረጃው ላይ ደነገጠ። በየሐሙሱ ‹ዛሬ ማታ እነግራታለሁ› ይለኝ ነበር። ያፍርሽ ነበር፣ ብሬይነ። ከሰው ሁሉ አንቺን ነበር የሚያፍረው።»

«ፈሪ!» አለች። የጮኸችው በሞተው ሰው ላይ ነበር፤ ሚርልም አልተቆጣቻትም። «ቀስቱ አሥር ጊዜ ቢዘል እኔ መቼ እሰማለሁ? እየጨፈርኩ እኮ ነው!» አለችና እንባዋ መጣ። ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ አላለቀሰችም።

ሲወጣላት በርጩማዋ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ለሐዘን የተቀደደ ኮሌታዋን ጎተተች። እግሮቿ አሁንም አላረፉም።

«ይቅር አላልኩትም» አለች።

«እሱም ይህን ያውቅ ነበር።»

«ዜማውን ተጫወቱ። ስሙንም ጥሩት፣ ሙሉ ስሙን። እጁን ግን አታንሡ። እሱን ለእኛ ይተዉልን።»

«አናነሣም።»

«እኔ አልመጣም። የአባት ሐዘን ዓመት ነው፤ እስከዚያ ጭፈራ የለም።»

«ቆጥሬዋለሁ» አለ ሽማግሌው። «ለከርሞው በዓል ሐዘኑ ይፈታሻል።»

 እሱም የክላርኔቱን ሣጥን አንሥቶ ወንበሩን ተደግፎ ተነሣና «የጽዮንን ሐዘንተኞች የሚያጽናና አንቺንም ያጽናናሽ» አለ። ሊያልፍ ሲል የአንድ ጫማው ክር ተፈትቶ ወለሉ ላይ ሲጎተት አየችው። ከበርጩማዋ ላይ ሆና ጫማው ፊቷ ነበር።

«ይቁሙ፣ አጎቴ። ይጥልዎታል።»

ጎንበስ ብላ ክሩን ያዘች። የአባቷን ጫማ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ስታስር ወገቡን ያመመው መስሏት ነበር። አጥብቃ አሰረችው፣ እንደገና ቋጠረችው። ከዚያ ግን እጇን ከጫማው ላይ ማንሣት አቃታት። መናፈሻው ውስጥ ሰው እየጠበቀው ነው፤ ሽማግሌው እግሩን አላነሣም።