ሁለት ባልዲ ውሃ

የሚርካ ሁለተኛ ፊልም ሲወጣ ጋዜጦቹ «ወሬ ብቻ» ብለው አብጠለጠሉት። ልጅቷ በዚያ ዓመት በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ እዚሁ አያቷ ኤልቪ ቤት መጋረጃ ዘግታ ተኛች። ኤልቪ በየጠዋቱ በሩ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ትንፋሿን ታዳምጥ ነበር።

አሁን ደግሞ ሦስተኛው ፊልም መጣ። ድርሰቱም ዝግጅቱም የሚርካ ነው፤ ታሪኩ ግን የኤልቪና የሟች ባሏ የታውኖ። ቀረጻው በገዛ ግቢዋ፣ ሐይቁ ዳር ካለው የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ከሳውናው ደጃፍ ላይ ነው። ኤልቪ ከማድ ቤቱ መስኮት አልተነቀለችም።

ባሏ የሞተባትን ሴት የምትጫወተው ራውኒ፣ ደጃፉ ላይ ቆማ ለሟቹ ሁለት ገጽ ሙሉ ትናገራለች። ሰባት ጊዜ ተቀረጸ፤ ሰባቴም ሚርካ ራሷን ነቀነቀች። ፊቷ እንደዚያ ክፉ ዓመት አመድ መስሏል።

ብናገር ልቧን እሰብረው ይሆን? ዝም ብልስ፣ ጋዜጦቹ ይምሯታል? ኤልቪ እጇን ስታፍተለትል ቆይታ ሹራቧን ደርባ ወጣች።

«እማማ፣ እየቀረጽን እኮ ነው!» አለች ሚርካ።

«አይቻለሁ። ስሚኝ የኔ ልጅ፣ እኔ ታውኖን በሕይወት እያለ እንኳ በዓመት ይህን ያህል አላወራሁትም።»

የካሜራው ሰው ሳቁን ዋጠ። ሚርካ ግን አልሳቀችም።

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«ከቀብሩ በኋላ የመጀመሪያው ቅዳሜ ነበር። ሳውናውን አነደድኩና ውሃ ቀዳሁ። እንደ ልማዴ ሁለት ባልዲ፣ የሱና የኔ። እዚህ ደጃፍ ላይ ስደርስ ነው የታወቀኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የሱን ወስጄ ሐይቁ ውስጥ ደፋሁት። ገብቼ ታጠብኩ። ሌላ ምን አለ?»

ሚርካ ሁለቱን ገጾች አጥፋ ኪሷ ከተተች።

«ሦስት ሳምንት ያጠናሁትን!» አለች ራውኒ። «አንቺ ሴትዮ፣ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» እንዲህ እያለች ከሳውናው ደጃፍ ሁለት ባልዲዎች አነሳች።

ከሐይቁ ቀድታ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆመች። ባልዲዎቹን አየቻቸው። አንዱን አስቀምጣ ሌላውን ይዛ ተመለሰች፤ ውሃው ሲደፋ ብቻ ተሰማ። ሁሉም ራውኒን ሲያይ ኤልቪ የምታየው የሚርካን ፊት ነው። አመዱ ለቋል። «በቃ» ብላ ቀረጻውን ማስቆሙንም ረስታዋለች።

ጋዜጦቹ ምን እንደሚሉ ማን ያውቃል። ኤልቪ እስከዚያ እንቅልፍ የላትም።

«ኮፍያሽን አድርጊ፣ ይበርዳል» አለቻት።

ሚርካ ኮፍያዋን አደረገች። ከዚያ የቀረውን ድርሰት በሙሉ አምጥታ አያቷ እጅ ላይ አኖረችው።

«መነጽሬን አምጪልኛ» አለች ኤልቪ።