ቡርቃን የበላ አጥር

አቶ ይርሳውን እጠላዋለሁ። ይሄን ከሁሉ በፊት ተናግሬ ልገላገል፤ ኋላ ወሬዬን ስጨርስ «ለካ ቂመኛ ናት» እንዳትሉኝ። አዎ፣ ቂመኛ ነኝ።

ሰውየው ከሸዋ ተሹሞ አሰላ መጣ፣ ቢሮ ተቀምጦ አረጀ፣ በአርባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ጡረታ ሲወጣ ከከተማው በታች፣ ወደ ቆላው በሚወርደው ተዳፋት ላይ መሬት ተሰጠው። መሬቱ ከኛ ቡርቃ ጋር ይዋሰናል። ቡርቃ መስክ ነው። አባቴ ከዲሮ፣ ከሱም በፊት አባቶቹ ከብት ያሰማሩበት፣ ክረምት ሲገባ ሳሩ የጥጃ ሆድ የሚነካበት መስክ። ወረቀት አልነበረውም። መስክ ወረቀት እንደሚያስፈልገው ማን ነገረን? ቅቤውን አሰላ ወስጄ የምሸጠው እኔ ዙቤዳ ነበርኩ፤ አማርኛዬንም ያቀናሁት እዚያው ገበያ፣ ከሹማምንት ሚስቶች ጋር በዋጋ ስጨቃጨቅ ነው።

ይርሳው ቤቱን እንደ ሠራ ዙሪያውን የወፍ ቆሎ አስተከለ። ችግኙን ከአንድ ፈረንጅ ግቢ ነው ያስመጣሁት እያለ ይኩራራበት ነበር። አበባው ቢጫና ቀይ ነው፣ ግንዱ እሾህ ነው፣ ቅጠሉ ሲታሽ ይገማል። ፍሬው ሲጠቁር ወፍ ይወረዋል። ወፉ በልቶ የት ይሄዳል? ቡርቃ ውስጥ ካሉት ግራሮች ላይ ያርፍና ያራዋል። ሁለት ሦስት ክረምት እንዳለፈ ከየግራሩ ሥር ያ ቁጥቋጦ ብቅ ብቅ አለ። ከዚያ ሳሩን እየገፋ ወደ ሜዳው ወጣ።

በበጋ ሳር ሲመነምን የራባቸው ከብቶች ቅጠሉን ቀመሱት። አንዲት ዳለቻ ጊደር ነበረችን። ዓይኗ ቢጫ ሆነ፣ የአፍንጫዋ ቆዳ ተላጠ፣ ፀሐይ እየሸሸች ጥላ ለጥላ ስትል ቆይታ ሞተች።

አባቴ ይርሳው ደጅ ሄደ። አማርኛው ሲከብደው እንዳግዘው እኔም ተከተልኩ።

«ጌታው፣ ይሄ ተክልዎ ከብቴን ገደለ» አለ አባቴ። «እባክዎ ያስነቅሉልን። ወላሂ፣ ሌላ አጥር እኔ ራሴ አጥርልዎታለሁ።»

ይርሳው በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። ግቡ እንኳ አላለንም። «እኔ የተከልኩት አጥሬ ላይ ነው፣ ከዲሮ። መስክህ ላይ የዘራው ወፍ ነው። ወፉን ክሰስ!» አለና ሳቀ። ሚስቱ ተናኘወርቅም ከውስጥ ሆና ሳቀች።

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል ሰምተናል፤ ይርሳው ወፍ ጨመረበት።

አባቴ ወደሚያውቀው ነገር ተመለሰ። በኛ አገር መስክ አርጅቶ ቁጥቋጦ ሲበዛበት በበጋው መጨረሻ ይቃጠላል። በልግ ሲዘንብ ለምለም ሳር ያወጣል፣ መዥገሩም ያልቃል። አባቴ ሽማግሌዎቹን ጠራ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ነፋሱ ጋብ ሲል እሳት ለቀቀበት። ቡርቃ ሲነድ እኛ ሴቶቹ እልል አልን። ይርሳው አጥሩ እንዳይያያዝበት አሽከሮቹን ውሃ ሲያስግዝ አይቼ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ምናለ በተያያዘበት ብዬም ተመኘሁ።

በልግ ዘነበ። ያ እርኩስ ተክል እሳት አይገድለውም ኖሯል፤ ከየጉቶው እጥፍ ሆኖ በቀለ። የሚሻማውን ሳር ደግሞ እኛው አቃጥለንለታል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ቡርቃ ሰው የማያልፍበት ዱር ሆኖ ነበር። አባቴ የቀሩት ላሞች ሳያልቁብኝ ብሎ ጮሌ የሚባል አገር፣ እህቱ ፋጡ ዘንድ ሰደዳቸው።

ይርሳው መስኩ ባዶ መሆኑን አየ። ቢሮ ያሉትን የድሮ ወዳጆቹን ያዘ። ብዙም ሳይቆይ መሬት ለኪዎች ገመዳቸውን ይዘው መጡ።

«እዚህ የሚያርስ አለ?» አለ አለቃቸው።

«የለም» አለ አባቴ።

«የሚሰማራ ከብትስ?»

«አሁን የለም» አለ አባቴ። መዋሸት አይችልበትም።

«ከብቱ ያለው ጮሌ ነው፤ ይሄ መርዝ እንዳይጨርሰው ብለን ነው!» አልኩ እኔ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? እዚህ ያለውን ነው ያልኩት።»

«ጠፍ ነው፣ ጌታዬ። እንደሚያዩት ዱር ነው» አለ ይርሳው፣ ያንን የገዛ ቁጥቋጦውን በከዘራው እየጠቆመ። ጠፍ ከተባለ ደግሞ የመንግሥት ነው፤ መንግሥትም ላገለገለው ይሰጣል። ቡርቃ ለይርሳው ሆነ። ጎጇችን ዳሩ ላይ ስለነበረች እኛም ጭሰኞቹ ሆንን።

ተክሉ መነቀል እንደሚችል የታወቀው ያኔ ነው። ይርሳው የቀን ሠራተኛ ሰብስቦ ከነሥሩ አስቆፈረው፣ ስንዴም ዘራበት። ስንዴው አማረለት።

በዓመቱ ጥቅምት ላይ ጮሌም ግጦሽ ጠቦ አክስቴ ላሞቹን መለሰችልን። መንገዱን ሁሉ እየተጎተቱ የመጡት ላሞች ቡርቃ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ሮጡ። መስካቸው ነዋ! ስንዴው ውስጥ ገቡና አንገታቸውን ደፍተው ይግጡ ጀመር።

«ከዲሮ!» አለ ይርሳው ከበረንዳው። «ከብትህን ታወጣለህ ወይስ በጥይት ላስወጣቸው?»

«አንተ ሌባ!» ብዬ ጮህኩ። አባቴ ግን «ተዪ» አለኝና ወደ ስንዴው ወረደ።

አባቴ ላም መትቶ አያውቅም። በስማቸው ነው የሚጠራቸው። «ቡሬ፣ ኮቱ! ኮቱ፣ ቡሬ!» እያለ መሪዋን ቡሬን በኛ ቋንቋ ነይ ነይ ብሎ ለመናት። ቀና ብላ አየችውና መልሳ ጋጠች፤ ድሮም ነይ ሲላት ወደዚሁ መስክ ነበርና። ይርሳው ጠመንጃ እንዲያመጡለት አዘዘ። አባቴ በትሩን አንስቶ አፍንጫዋን መታት። ደገማት። እያለቀሰ፣ ከስንዴው እስክትወጣ ድረስ ደበደባት፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

ከዚያ ወዲያ ቡሬ አባቴ ሲጠራት መጥታ አታውቅም።