አራተኛው እግር

«ከፍ! ከፍ አድርጉት! ድንኳኑን ልትቀድዱት ነው!»

የእድሩ ጎረምሶች ጥቁሩን የውሃ ሮቶ በገመድ እየሳቡ ሲያወጡት ዓፊያ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። ለቅሶ ቤት ሰው ድንገት ብድግ ካለ ወይ ሊያለቅስ ነው ወይ ሹልክ ሊል ነው። አጠገቧ ያሉት ሴቶች ልታለቅስ መስሏቸው ቦታ ለቀቁላት። እሷ ግን አላለቀሰችም። ዓይኗ ሮቶው ባረፈበት የብረት መቆሚያ ላይ ተተክሎ ቀረ።

መቆሚያውን የሠራችው እሷ ናት። ሟቹ ካሣዬ የብየዳ አስተማሪዋ ነበር፤ የሥራ ቦታውም ይኸው ግቢ ነው። ሰሞኑን በሰፈሩ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ሆኖ፣ ለቀስተኛውም ከባምባሲና ከኩርሙክ ሳይቀር እየጎረፈ፣ እድሩ ሮቶውን ሲያመጣ ባዶ መቆሚያ ግቢው ውስጥ ቆሞ ጠበቀው። ማንም ማንንም አልጠየቀም። እኩለ ቀን ላይ ሮቶው ጢም ብሎ ሞላ፤ እቃ አጣቢ ሴቶችም ጥላ አገኘን ብለው ሳፋቸውን ከሥሩ ደረደሩ።

ዓፊያ ተመልሳ ተቀመጠች። ዛሬ ቀብሩ የተፈጸመበት ቀን ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያየው በር ላይ የተሰቀለውን የካሣዬን ፎቶ ነው። እሷ አራተኛውን እግር ታያለች።

የብረታ ብረት ሠራተኞቹ ማህበር ተለማማጅ ሲቀበል አበል እየከፈለ ከአንድ ነባር አባል ሥር ያስገባዋል። ተለማማጁ ዓመታት ቆይቶ ሲበቃ የሮቶ መቆሚያ ይሠራል። ሮቶው በውሃ ይሞላና አስተማሪው ወንበሩን ይዞ ከሥሩ ይቀመጣል፤ አባላቱ እያዩት ሻዩን ጠጥቶ ይጨርሳል። ከተቀመጠ ተለማማጁ አባል ሆነ ማለት ነው፤ በራሱ ስም ሥራ ይወስዳል። ካልተቀመጠ ግን እንደገና ከሀ ይጀምራል። ካሣዬ ለገዛ ሚስቱ ወንድም እንኳ አልተቀመጠም። የሚስቱ ወንድም ዛሬ ባጃጅ ይነዳል።

ለዓፊያም ገና አልተቀመጠም ነበር።

«ካሣዬ እኮ ማር ነበር» አለ አንዱ ለቀስተኛ ንፍሮውን እየቆረጠመ። «ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።»

ዓፊያ አንገቷን ደፋች። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል፤ የካሣዬ አንገት በአንድ ቀን ከድንኳኑ ጣሪያ በላይ ወጣ። ሰውየው ክፉ ቃል ሞልቶት ነበር። ገና የመጀመሪያ ቀን ነበር «ለምን መጣሽ?» ያላት።

«እየከፈላችሁ ታስተምራላችሁ ሲሉ ሰምቼ ነው።»

«ሌሎቹ ለሙያው ፍቅር ነው ይሉኛል። ውሸታም ሁላ! ነይ ግቢ፣ መጥረጊያው ያውልሽ።»

ብዙ ወራት ጠረገች፣ ቱቦላሬ የሚሉትን ባዶ ብረት ቆረጠች፣ ዝገት ፋቀች። የብየዳውን መያዣ ሲያስጨብጣትም አላሞገሳትም። የሠራችውን በመዶሻ ጫፍ ኳ ኳ ያደርግና ጆሮውን ያስጠጋል። «ላዩማ ሙሽራ ይመስላል» ይላል። «ብየዳ ግን ሆዱ ነው። ቁረጪውና ድገሚው።» ስትቆርጠው ሆዱ ባዶ ሆኖ ይገኛል። አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም፤ ይህም ያናድዳት ነበር።

በቀብሩ ማግስት የዓፊያ እናት ዐርዋ መጡ። በጥቁር ሻሽ ተሸፋፍነው ቀጥ ብለው ወደ ካሣዬ ሚስት ወደ ጸሐይነሽ ሄዱና እጇን ጨበጡ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው፤ አንተና አንቺ ይቀላቀልባቸዋል።

«ጸሐይነሽ፣ እህቴ፣ አላህ ያጽናህ። ካሣዬ የእኔ ልጅ ሰው አደረገ። አንተ ድንች ይዘህ መጣህ፣ እኔ አልረሳም።»

ጸሐይነሽ ራሷን ነቀነቀች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ጠብታ እንባ አልወጣትም። ሴቶቹ ጀርባዋን እያዩ ይንሾካሾካሉ፤ አንዷ ደንዝዛ ነው ትላለች፣ ሌላዋ ድሮም አይዋደዱም ነበር ትላለች። ሐሜትን ሐዘን አይገድበውም።

የድንቹ ነገር እንዲህ ነው። ዓፊያ አንድ ቀን ያለ መነጽር ብየዳ አይታ ብርሃኑ ዓይኗን መታት። አሸዋ የተሞላ መሰላት፤ ቤቷ ተኝታ ስታቃስት ዋለች። ጸሐይነሽ ድንች ልጣ በስሱ ቆራርጣ መጥታ ዓይኗ ላይ ደረደረችላት። ካሣዬ ግን ቤት አልገባም። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ሰፈሩ እስኪሰማ ድረስ ይሳደባል። «መነጽሩን ለጌጥ ነው የገዛሁልሽ? አህያ! ዕውር ሆነሽ ልትቀሪ!» ስድቡ ሲያልቅበት «ቀዘቀዘላት?» ብሎ ሚስቱን ይጠይቃል። «ገና ነው» ስትለው እንደገና ይሳደባል። እስኪመሽ ድረስ ከአጥሩ አልተነቃነቀም።

ዐርዋ በመጡበት ቀን ከሰዓት በኋላ የማህበሩ ሊቀመንበር ነገሪ ከዓፊያ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ። የባምባሲ ሰው ነው፤ ዝግ ብሎ ይናገራል። ሙንታሲር የተባለው አባል ከኋላው ጆሮውን አቁሟል።

«ዓፊያ፣ ከአባላቱ ጋር ተመካከርን» አለ። «ካሣዬ መቀመጥ ነበረበት፣ አልቀናውም። ግን ሮቶው ከትናንት ጀምሮ ሙሉ ነው። ለቀስተኛው ሁሉ ከሥሩ ይውላል። ከዚህ የበለጠ ምን ፈተና አለ? ሠልስቱ ይውጣና አባል አድርገን እንመዘግብሻለን።»

«በለቅሶ የገባች ትባላለቻ» አለ ሙንታሲር።

«አንተ ዝም በል እስቲ!»

ዓፊያ ስትመኘው የኖረችው ቃል ይህ ነበር። በራሷ ስም መሥራት፣ እናቷን ከጉልት ማንሳት። አሁን ግን ዓይኗ ወደ አራተኛው እግር ሄደ።

ካሣዬ መቆሚያውን ሊያይ የወጣው በሞተበት ሳምንት ነው። አንደኛውን እግር ኳ ኳ አደረገ፣ አለፈ። ሁለተኛውንም አለፈ። ሦስተኛውን እንዳለፈ ቆመና ደረቱን ያዘ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ቀሪውን ነገ እንጨርሰዋለን» ብሎ ገባ፤ በዚያው ሐኪም ቤት ሄደ፣ በዚያው ቀረ። አራተኛው ላይ አልደረሰም።

አራተኛውን ስትበይድ ደግሞ የጎረቤት ወፍጮ ተነስቶ መብራቱ ደክሞባት ነበር። የብየዳው ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱ፣ እየተጣበቀ አስቸገራት። ስትጨርሰው ላዩ አማረ፤ ሆዱን ግን አላወቀችውም። እሱ ይነግረኛል ብላ ነበር። ሲሳደብም ሲያስቆርጣትም ቁርጡን የሚነግራት እሱ ነበር። አሁን እሺ ብላ ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ሆድ ይፍጀው ብላ ልትተወው ምንም አልቀራትም።

ዓፊያ ይህን እያሰበች ሳለ ጸሐይነሽ ከቤት ወጣች። የቤቱ ሙቀት አስጨንቋት ነው። እየተጎተተች መጥታ ከሮቶው ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀመጠችና ጀርባዋን አስደገፈች። ያስደገፈችው አራተኛው እግር ላይ ነበር።

ዓፊያ ድምፅዋ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች።

«እትዬ ጸሐይነሽ፣ ከዚያ ይነሱ! ሁላችሁም ተነሱ!»

ለቀስተኛው ዞሮ አያት።

«ምን ሆነሻል ልጄ?» አለች ጸሐይነሽ።

«አራተኛውን እግር አላመንኩትም። ጋሼ ካሣዬም አላየውም።»

ነገሪ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያልሽውን አውቀሽዋል? ሙንታሲር ሰምቶሻል። ሁሉም ሰምቶሻል። ከእንግዲህ እንዲያው መመዝገብ የለም።»

«አውቄዋለሁ፣ ጋሼ ነገሪ። ውሃው ይውረድ።»

ሴቶቹ ሳፋቸውን እያጋጩ ተነሱ። ቧንቧው ተከፈተ፤ የሰፈሩ ሰው ጀሪካኑን ይዞ ተሰለፈ። ሮቶው ወርዶ መሬት ላይ ሲቀመጥ ዓፊያ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄዳ የብረት መቁረጫውን ፍሌክስ አወጣች።

«ለቅሶ ቤት ብረት ሊቆረጥ?» አለ ሙንታሲር። «ይሄማ ነውር ነው። ጎረቤት ምን ይላል? ሠልስቱ ይለፍ።»

እውነቱን ነው። ሬዲዮ እንኳ በማይከፈትበት ግቢ ፍሌክስ ማስጮህ ማን ሰምቶ ያውቃል። ነገሪም አመነታ። ሁሉም ወደ ጸሐይነሽ ዞሩ።

«ነገ ሠልስት ነው» አለች ጸሐይነሽ። «ያን ሁሉ ሰው በምን ውሃ ላስተናግድ ነው? ይጩህ። እኔ የዚህ ቤት ዝምታ ነው ያስጠላኝ።» ብላ ወደ ውስጥ ገባች።

ዓፊያ መነጽሯን አደረገች። ፍሌክሱ ሲጮህ ድንኳኑ ውስጥ ያሉ ሽማግሌዎች ጆሯቸውን ያዙ። የእሳቱ ፍንጣሪ እጅጌዋ ላይ ረገፈ። አጠፋችና ጎንበስ አለች። ነገሪም ጎንበስ ብሎ በጥፍሩ ዳሰሰው። ከውብ ሽፋኑ ሥር ብረትና ብረቱ አልተያያዙም፤ በመሃላቸው ጥቁር ክፍተት ተጋድሟል።

«እስካሁን መሸከሙም ተአምር ነው» አለ ነገሪ። «ካሣዬ ቢደርስበት ኖሮ . . .»

«አይቀመጥም ነበር» አለች ዓፊያ።

ቢቀመጥ ባይቀመጥ እያለች ቀብር ላይ እንኳ ስትብሰለሰል ነበር። አሁን አወቀችው። ማዘን ነበረባት፣ ግን ደስ አላት፤ ከሞተ ወዲህ ድምፁን የሰማችው ገና አሁን ነው። ላዩማ ሙሽራ ይመስላል። ቁረጪውና ድገሚው። እንባዋ መነጽሩ ውስጥ ስለሞላባት አውልቃ በክንዷ ጠረገችና መልሳ አጠለቀች።

ክፍተቱን እስከ ሥሩ ፋቀችው። ከዚያ በየደችው። ወፍጮው ዝግ ነበር፤ ባለወፍጮው ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ይበላል። መብራቱ አልደከመም፣ እጇም አልቸኮለም። የብየዳውን ቅርፊት መትታ አራገፈች።

ነገሪ መዶሻውን አንስቶ ኳ ኳ አደረገው። ጆሮውን አስጠግቶ ቆየ። መዶሻውን መልሶ አስቀመጠ። ከድንኳኑ ወንበር አመጣና ባዶው መቆሚያ አጠገብ አስቀመጠ። «ነገ ሲሞላ እኔ ከሥሩ እውላለሁ» አለ ሙንታሲር እንዲሰማው ጮክ ብሎ። «ሻይ አምጡልኝ፣ ደግሞ ስኳር አታብዙ።»

ዓፊያ የብየዳውን ላይ በፍሌክሱ ስታስተካክል ግቢው እንደገና በጩኸት ተሞላ፤ ስትጨርስ አጠፋችው። ጩኸቱ ሲቆም ግቢው ጭር አለ።

ያን ጊዜ የቤቱ በር ተከፈተ። ጸሐይነሽ በአንድ እጇ ጆግ፣ በሌላው ሳሙና ይዛ፣ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ፈጠን ብላ ወጣች። ስንት ዓመት ሙሉ ፍሌክሱ ሲቆም እንዲህ ትወጣ ነበር፤ ባሏ ሥራ ሲጨርስ እጁን የምታስታጥበው እሷ ነበረች። ግቢው መሃል ስትደርስ ቆመች። ድንኳኑን አየች፣ ሰዉን አየች፣ የያዘችውን ጆግ አየች። 

ሴቶቹ ሊደግፏት ተነሱ። ዓፊያ ቀደመቻቸው። ከፊቷ ጎንበስ ብላ ሁለት እጇን ዘረጋች፤ እጇ በጥላሸትና በብረት ብናኝ ጠቁሯል።

ጸሐይነሽ ሳሙናውን ሰጠቻት። ውሃውን እያፈሰሰች፣ እንባዋ እየወረደ፣ በአውራ ጣቷ የዓፊያን ጥፍሮች አንድ በአንድ ታሽ ጀመር።