በዩጎ ቀን አይፈረምም

እኛ የላስትራ ደሴቶች ሰዎች የማንጣላበት ነገር የለም። በአንድ ነገር ብቻ ተጣልተን አናውቅም፦ ዩጎ ሲነፍስ አይፈረምም። ዩጎ የደቡቡ ነፋስ ነው፤ ከባሕሩ ላይ ሞቅ ብሎ፣ ረጠብ ብሎ ይመጣና ራስ ያዞራል፣ ባልና ሚስት ያጣላል። በዩጎ ቀን ዳኛ አይፈርድም፣ ሽማግሌ አያስታርቅም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ብዕር አይነካም። ድሮ አንዱ በዩጎ ቀን ፈርሞ በሰርዲን የተነሣ ከጎረቤት አገር ጋር ጦርነት አውጆብን ነበር ይባላል። ጎረቤት ሳይሰማ በማግስቱ ተሻረ እንጂ ጉድ ፈልቶ ነበር።

ነፋሱን የሚያውጀው የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነው። ጠዋት በረንዳ ላይ ይወጣል፣ ፊቱን ለባሕሩ ይሰጣል፣ ዩጎ ከሆነ ቀይ ጨርቅ ይሰቅላል። ጨርቁ ከተሰቀለ ወደቡ ይዘጋል፣ ጀልባ አይወጣም፤ ማንም ተነሥቶ «ኧረ ነፋስ የለም» ብሎ አይከራከርም። ሕጉ ስለ ነፋስ አያወራም፤ የሚያወራው ስለ ጨርቅ ነው።

በዚያ ዓመት ኃላፊዋ ቪንካ ነበረች። ቪንካ ዋሽታ አታውቅም። ስትዋሽ ጆሮዋ ስለሚቀላ ነው እንጂ ከጽድቅ ብዛት አይደለም። የተወለደችው ሙርና በምትባል ትንሽ ደሴት ሲሆን፣ እናቷ እማማ ኔዳ ዛሬም እዚያው ከፍየሎቻቸውና ከአንድ ጎረቤታቸው ጋር ይኖራሉ። ቪንካ እሑድ እሑድ በመንግሥት ጀልባ ትሄዳለች፣ የእናቷን የዓሣ ወጥ ትበላለች፣ በልታ ሳትጨርስ ስድባቸውን ትጠግባለች፣ ደስ ብሏት ትመለሳለች።

የገንዘብ ሚኒስትሩ ሺሜ ይህችን ጀልባ ሊያስቀር ተነሣ። (ሺሜን አንቱ ለማለት አንጀቴ እሺ አይለኝም።) «ለሁለት ሽማግሌና ለአንድ መንጋ ፍየል ነዳጅ አናቃጥልም» አለ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የርኮ እምቢ ቢሉ የሺሜ ፓርቲ ጥሏቸው ይወጣል፣ መንግሥታቸውም ይፈርሳል። ስለዚህ ሳይወዱ በግድ እፈርማለሁ ብለው ቃል ገቡ። ቀኑ የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ሆነ። ያን ቀን ካልተፈረመ ጀልባዋ እስከ ከርሞ የሚነካት የለም።

በዚያ ቀን ጠዋት ቪንካ በረንዳ ላይ ወጣች። ባሕሩ እንደ ዘይት ረግቶ ተኝቷል። ወደቡ ላይ የሚጠበሰው ሰርዲን ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይወጣል። ጭሱን አየች፤ እናቷን አሰበች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ቀዩን ጨርቅ ሰቀለችው።

ዘበኛው ዱየ ከበሩ ላይ ቀና ብሎ አየ።

«እትዬ ቪንካ፣ ዩጎ ነው እንዴ?»

«ጨርቁን አታይም?»

«ለካ ከነጋ ጀምሮ ራሴን የሚወቅረኝ ለዚህ ኖሯል» አለና ግንባሩን በመሐረብ ጥፍር አድርጎ አስሮ ተቀመጠ።

ብዙም ሳይቆይ ከተማው በሙሉ ታመመ። ዳቦ ጋጋሪው ሚስቱን ሰደበ፣ ቄሱ ቅዳሴውን አሳጠሩት፣ መድኃኒት ቤት የራስ ምታት ኪኒን አለቀ። ያልታመመው ሺሜ ብቻ ነበር። ጣቱን በምራቁ አርሶ በመስኮት አወጣና ጥቂት ጠብቆ መልሶ አስገባው።

«ክቡር ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ነፋስ የለም» አለ።

የርኮ ጫማቸውን አውልቀው ሶፋው ላይ ጋደም ብለዋል። «ጨርቁ ምን ይላል?»

«ጨርቁማ ተሰቅሏል። ግን ቀጥ ብሎ ነው የተንጠለጠለው። ነፋስ ቢኖር አይውለበለብም ነበር?»

«እርጥብ ይሆናላ» አሉ የርኮ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «እኔንማ ወገቤን ቀስፎ ይዞኛል።»

ሺሜ ወደ ቪንካ ዞረ። «አንቺ፣ ጆሮሽ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የቀላው?»

«ዩጎ ነው።»

«እንግዲያው እኔም ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ዩጎሽ ሲበርድ እናስፈርማለን» ብሎ ወረቀቱን ታቅፎ ወንበር ላይ ተደላደለ።

ቀትር ላይ ስልክ ተደወለ። የእናቷ ጎረቤት ጋሽ ፕርቫን ናቸው።

«ቪንካ ልጄ፣ እናትሽ ከበለስ ዛፍ ላይ ወደቀች።»

«በሰማንያ ዓመቷ ዛፍ ላይ ምን ልትሠራ ወጣች?»

«ላንቺ ነዋ፣ እሑድ ስትመጪ በለስ ልትሰጥሽ። እግሯ ወደ ውጭ ዞሯል፣ ዓይኗም ስልምልም ይላል። ወደብ ብደውል ዩጎ ነው ይሉኛል። እዚህ ቅጠል አይንቀሳቀስም እኮ። የትኛው አህያ ነው ጨርቅ የሰቀለው?»

ቪንካ የትኛው አህያ እንደሆነ አልነገረቻቸውም። በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። ሐኪሙና ቃሬዛው የሚሄዱት በመንግሥት ጀልባ ነው፤ ጀልባዋ ከእሑድ ሌላ እንድትወጣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ፊርማ ያስፈልጋል፤ በዩጎ ቀን ደግሞ አይፈረምም። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይሉናል፤ የቪንካ ውሸት ግን ለማደርም አልታደለም።

በረንዳው ላይ ወጥታ ጨርቁን በገዛ እጇ አወረደችው። ከታች ዱየ «እፎይ፣ ለቀቀኝ» ሲል ተሰማ። ለጀልባዋ የሚሆነውን ወረቀት ጽፋ ገባች።

«ክቡርነትዎ፣ ዩጎ አልነበረም። ዋሽቼ ነው። እናቴ ወድቃለች፤ ለጀልባዋ ይፈርሙልኝ።»

የርኮ ከሶፋው ላይ ቀና ብለው ተቀመጡ።

«ዩጎ እንዳልነበረ መች ጠፋኝ፣ ቪንካዬ። እስከ ማታ ተሰቅሎ ቢቆይልን እኔም ተገላገልኩ ብዬ ነበር።»

«ይፈርሙልኝ።»

ሺሜ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «የእኔ ይቀድማል። ወረቀት እንደ አመጣጡ ነው የሚፈረመው።»

እውነቱን ነው፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ከቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አንዱ የአማቻቸውን ወረቀት ከሥር እየመዘዙ ሲፈርሙ ከተያዙ በኋላ የወጣ ሕግ ነው።

«ሺሜ፣ ሰው ሊሞት ነው» አሉ የርኮ።

«ስም ለመጻፍ ምን ያህል ይፈጃል?» አለ ሺሜ። ይህንንም እውነቱን ነው፤ ሲናገር ግን ቪንካን አላያትም።

የርኮ ብዕሩን እንደያዙ ቀሩ። መፈረም አልፈለጉም፤ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል። ቪንካም አየች፤ ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ እግራቸውን ትስም ነበር።

«ምን ይጠብቃሉ?» አለች ራሷ። «እሱንም ይፈርሙ፣ ይሄንንም ይፈርሙ። እናቴ መሬት ላይ ናት።»

ፈረሙ። መጀመሪያ ጀልባዋን አስቀሯት፣ ቀጥለው ላኳት።

ቪንካና ሐኪሙ ሙርና ሲደርሱ እማማ ኔዳ በለሱ ሥር በጀርባቸው ተንጋለዋል። ጋሽ ፕርቫን ኮታቸውን አልብሰዋቸዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ አፋቸው ግን ደኅና ነው።

«ይሄን ሁሉ ሰዓት ሰማይ ሳይ ዋልኩ። ምን ስትሠሩ ነበር?»

«ወረቀት ስንፈርም፣ እማዬ።»

«ይፈረምላችሁ እንጂ፣ ሌላ ምን ሥራ አላችሁ።»

ሐኪሙ እግራቸውን በእንጨት አሰረው። አይሞቱም፤ ግን ክረምቱን ሙሉ ይተኛሉ አለ። በቃሬዛ ጫኗቸው። ጋሽ ፕርቫን ፍየሎቹን እጠብቃለሁ ብለው ቀሩና ከዳር ሆነው እጃቸውን አውለበለቡ። ስለ ፊርማው ገና አልሰሙም። ጀልባ ነጂው ሰምቷል፤ ለዚህም ይመስላል ወደ ሞተሩ ዞሮ የቆመው።

እማማ ኔዳ ደሴቲቱ እስክታንስ ድረስ አንገታቸውን አስግገው አዩ። ከዚያ የቪንካን እጅ ያዙ።

«እግሬ ሲድን በእሑዱ ጀልባ ትመልሺኛለሽ፣ አይደል?»

«እመልስሻለሁ፣ እማዬ» አለች ቪንካ፣ የቀላ ጆሮዋን በፀጉሯ ሸፍና።

እማማ ኔዳ አመኗትና ዓይናቸውን ጨፈኑ።