ከዳገቱ በላይ ያለው ነጭ

«ገባ ገባ በሉ! ከኋላ ሜዳ ነው፣ ኳስ ያጫውታል!» አለች ትኬት ቆራጯ።

ሜዳ የለም። ካርታ ላፕቶፗን ደረቷ ላይ አቅፋ በአንድ ሰውዬ ክርንና በአንዲት ሴት የጎመን ዘንቢል መካከል ተሰክታለች። «ካርታ» መሥሪያ ቤት ያወጣላት ስም ነው። የአውቶቡስ ድርጅቱ የትኬት ማሽኖች የሚልኩትን ቁጥር ሰብስባ፣ የትኛው ፌርማታ ላይ ምን ያህል ሰው እንደሚሳፈር በቀለም የሚያሳይ ካርታ የሠራችው እሷ ናት። ሰው የበዛበት ቀይ ነው፤ ባዶው ነጭ። ካርታው ከመጣ ወዲህ ሥራ አስኪያጁ አውቶቡስ የሚጨምሩትም የሚቀንሱትም እሱን እያዩ ነው።

ዛሬ ረፋድ ላይ ይህን የዳገት መስመር ለመዝጋት ስብሰባ አለ። ከጤና ጣቢያው ፌርማታ በላይ ካርታው ወረቀት መስሎ ነጥቷል። ይዘጋ የሚለውን ሐሳብ የጻፈችውም ራሷ ናት። ሰው በሚኖርበት ሰፈር አንድ ሰው እንኳ አለመሳፈሩ ግን ከነከናት፤ በጠዋት የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይዛ ወጣች። አሁን ከላይ ወደ ታች እየወረደች፣ የቆመችበት እግር የራሷ ይሁን የሰው መለየት አቅቷታል።

ትኬት ቆራጯ ሳንቲሙን ተቀብላት አለፈች።

«እትዬ፣ ትኬቴስ?»

«ከታች።»

«ከታች የት?»

«አይዞሽ የኔ እህት፣ ይዤብሽ አልጠፋም! ጤና ጣቢያው ጋ ነው የሚቆረጠው። እዚህ ኔትወርክ የለም፤ ማሽኑ ሲዞር ሲዞር የኔን አናት ያዞረዋል።»

«ሬዲዮ እያለች ምን ኔትወርክ ያስፈልጋል!» አለ ባለክርኑ፤ አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ። ትኬት ቆራጯን ሬዲዮ ያሏት አፏ ስለማያርፍ ነው።

ጤና ጣቢያው ፌርማታ ሲደርሱ ማሽኑ ነፍስ ዘራ። ሬዲዮ ጭርር፣ ጭርር እያደረገች ቆረጠች፤ ትኬቱን በሰው አናት ላይ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ወደ ኋላ አሳለፉት። ካርታ ላፕቶፗን ዘንቢሉ ላይ አስደግፋ ከፈተች። የጤና ጣቢያው ቀይ ዓይኗ እያየ ደመቀ። የዳገቱ ሰው ሁሉ እዚህ እንደተሳፈረ ተቆጥሮ አረፈው። ማሽኑ የሚናገረው ትኬቱ የተቆረጠበትን ቦታ ነው፤ እሷ ደግሞ ሰው የተሳፈረበት አድርጋ ቀለም ቀብታዋለች።

«ይሄን ለመሥሪያ ቤት ነግረዋል?»

ሬዲዮ ቀና አለች። «ምኑን ልንገር? ትኬት ያልያዘ ሰው እንዳይወርድ ተባልን። በኔ አውቶቡስ አንድ ሰው ሳይቆረጥለት ወርዶ አያውቅም!»

ካርታ ስልኳን አውጥታ የሬዲዮን ቁጥር ተቀበለች።

ስብሰባው ላይ ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። «ይዘጋ ብለሽ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ፣ ጋሼ። ተሳስቻለሁ። ዛሬ ከላይ ተሳፍሬ ወረድኩበት።» ከላይ የተሳፈረው ሁሉ ትኬቱ ጤና ጣቢያው ጋ እንደሚቆረጥለት አስረዳች።

«እሺ፣ ስንት ሰው ነው ታዲያ?»

«አላውቅም።»

«ባላወቅሽው ነገር እንዴት ልወስን?»

ካርታ ለሬዲዮ ደወለች፤ ድምፁን ለሁሉም ከፈተችው። የሕፃን ለቅሶ፣ የሞተር ጩኸት፣ «እግሬን! ኧረ እግሬን!» የሚል ጎርናና ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«እትዬ፣ ሥራ አስኪያጁ እየሰሙ ነው። የት ደረሳችሁ?»

«ገና ከላይ መነሳቴ ነው! ጌታዬ፣ ይሄን አውቶቡስ ሊዘጉት ነው የሚባለው እውነት ነው?»

 አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ባንዴ ፈነዳ፤ «እናቴን ጤና ጣቢያ በምን ላድርሳት?» «ፈረቃዬስ?» «ይምጡና ይሳፈሩ፣ ቦታ ካገኙ!»

ሥራ አስኪያጁ ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። «ነጭ ያልሽኝ ይሄንን ነው?» አሉ ስልኩን እያመለከቱ። ከጠረጴዛው ዳር ወደተቀመጠው የትኬት ማሽን ባለሙያ ዞሩ። «ኔትወርክ በሌለበት ቆርጦ፣ ቦታውን ይዞ፣ በኋላ እንዲልክ ይደረጋል?»

«ይደረጋል። ጠይቆን የሚያውቅ የለም እንጂ።»

«አድርጉት። መስመሩ ይቀጥላል፤ ጠዋት ጠዋት አንድ አውቶቡስ ይጨመርበት።»

«ሰማችሁ!» ብላ ጮኸች ሬዲዮ፤ የአውቶቡሱ እልልታና ጭብጨባ ስልኩን ሊሰነጥቀው ደረሰ። ተሰብሳቢዎቹም ሳያስቡት አጨበጨቡ። ካርታ ጉንጯ እስኪነድ ቀላች፤ ግን አንገቷን አልደፋችም።

ቢሮዋ ገብታ ካርታውን ከፈተች። ከዳገቱ በላይ ያለውን ነጭ አጥፍታ ግራጫ አደረገችው፤ ከጎኑም «ገና አይታወቅም» ብላ ጻፈች።

አጠገቧ የምትቀመጠው የሒሳብ ሠራተኛ አንገቷን አሰገገች። «ውይ፣ አመድ አስመሰልሽው! ሥራ አስኪያጁ ምን ይሉሻል?»

«ይጠይቁኛላ።»

ከዚያ ዓይኗ ከወንዙ ማዶ፣ ከፋብሪካው ጀርባ ያሉት ሌሎች ነጮች ላይ አረፈ። አንዳቸውንም ሄዳ አላየችም። ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ እነሱንም አንድ በአንድ ግራጫ ቀባቻቸው።