ሽማግሌው ያለበት ጽዋ

«እንዳትሞዪው፤ እስከ ደረቱ ብቻ» አለ ዌንዦንግ ለታናሽ እህቱ በሹክሹክታ።

ሊየንሹ የሩዝ ጠጅ ማንቆርቆሪያ ይዛ በአባቷ የሬሳ ሣጥን ፊት ተንበርክካለች። ጠረጴዛው ላይ ያለው ነጭ ሸክላ ጽዋ ሟቹ በእጁ የሠራው ነው፤ መሃሉ ላይ ጣት የሚያህል ሽማግሌ ቆሟል። ጠጁ ከሽማግሌው ደረት ካለፈ፣ ሥሩ ባለችው ቀዳዳ ጠብታ ሳይቀር ይፈሳል። በሸክላ ሠሪዎቹ ከተማ በዴኋ ይህን የማያውቅ የለም። ለሟች ግን ጎደሎ መቅዳት ነውር ነው።

«ይሄን ጽዋ ማን አስቀመጠው?» አለች ሊየንሹ።

«አክስታችን ናት፤ ሆን ብላ።»

አክስታቸው ነጭ የሐዘን ልብሷን ለብሳ ከጎረቤቶች መሃል ተቀምጣለች። «ከእጅሽ አልጠጣም ብሏት አልነበር? እስቲ አሁን እናያለን» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ ለማድረግ እንኳ ሳትደክም።

እውነቷን ነው፤ ብሎ ነበር። አባትየው ድሮ ተጫዋች ነበር፤ ስግብግብ እንግዳ ጽዋውን ሞልቶ ጠጁ ጭኑ ላይ ሲወርድበት እንባው እስኪመጣ ይስቅ ነበር። ልጁ ሊየንሹ ጽዋ በማሽን በሺህ የሚያመርት ፋብሪካ ያለውን ሰው ስታገባ ግን ሳቁ ጠፋ። በሠርጓ ቀን የቀዳችለትን ሳይነካ ተነሥቶ ሄደ። ታሞ ልትጠይቀው ስትመጣም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረባት።

«ጋሼ፣ አባባ መጨረሻ ላይ ስለ እኔ ምንም አላለም?»

ዌንዦንግ መዋሸት ይችል ነበር።

«ምንም አላለም።»

ሊየንሹ ጽዋውን በግራ እጇ አነሣች፤ በጣቷ የሥሩን ቀዳዳ ደፈነችና እስከ አፉ ሞላችው። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ፣ ጣቷን ከቀዳዳው ሳታነሣ ጽዋውን በሁለት እጇ ወደ ሣጥኑ ዘረጋች። የሰው ዓይን ሁሉ እጅጌዋ ላይ ነበር። ምንም አልፈሰሰም።

«በይ አስቀምጪው» አለች አክስቷ። «ስንት ሰው ተራ ይጠብቃል።»

«ገና አልጠጣም፣ አክስቴ።»

«ሞቷል እኮ አንቺ ልጅ። እስከ መቼ ልትይዢው ነው?»

«እስኪጠጣ።»

ከውጭ ለሟቹ ስንቅ እንዲሆን የወረቀት ገንዘብ የሚያቃጥሉት ሰዎች ሲያስሉ ይሰማል። ክንዶቿ መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ ዌንዦንግ አጠገቧ ተንበርክኮ ክርኗን ከሥር ደገፈላት።